ኩሬው አረንጓዴ የሆነበት ክረምት

ከማልዬ፣

ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። እስካሁን ያልጻፍኩልህ የምነግርህ አጥቼ አይደለም። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሜ መናገር ያለብኝ አንድ ነገር ነበረ፤ እሱን ለመጻፍ ደግሞ አፈርኩ። ዛሬ ግን ቁጭ አልኩ። ዝናቡ አባርቷል፣ ሒክማችን ሥራ ሄዳለች፣ ማሽኖቹም ዝም ብለዋል።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን የለም። ሰፈሩ እንዳለ ተነሥቷል። ዕቃችንን የጫንን ቀን ከኋላ ያለው ኮክ አብቦ ነበር፤ ሒክማ አንዲት ቅርንጫፍ ቆርጣ ጋቢና ውስጥ ጭኗ ላይ አድርጋ መጣች፣ አበባው ግን መንገድ ላይ ረገፈ። አንዳንዴ እግሬ ሳላስበው ይወስደኝና ሰፊው መንገድ ዳር ቆሜ ራሴን አገኘዋለሁ። በራችን የቱ ጋ እንደነበር በዓይኔ እለካለሁ። ከመብራቱ ምሰሶ ትንሽ ወደ ግራ፣ አበባ የተተከለበት ቦታ ይመስለኛል። የማላውቃቸው ሰዎች ስልካቸውን እያዩ መኝታ ቤታችንን አቋርጠው ያልፋሉ። አልከፋም። እንደ ሕልም ነው የሚሆንብኝ፤ የትኛው ሕልም እንደሆነ ግን አላውቅም፣ የዛሬው ወይስ ያኔ አብረን የኖርነው።

አሁን ያለነው ቂርቆስ ነው፣ ከቡልጋሪያ ማዞሪያ ወረድ ብሎ፣ አንድ ፎቅ ላይ ሦስተኛ ወለል። እኔ ምድር ላይ ባለችው ክፍል ልብስ ማጠቢያዬን ከፍቻለሁ። ድሮ በእጄ የማጥበውን አሁን ሁለት ማሽን ያጥብልኛል። የፔንሲዮን አንሶላ፣ የፀጉር ቤት ፎጣ፣ አንዳንዴ የሠርግ ልብስ። ከሕንፃው ጀርባ መሬቱ ቁልቁል ነው፤ ታች ወደ ቄራ የሚወርደው ወንዝ አለ። በሕንፃውና በወንዙ መሀል የሦስት ሕንፃ ነዋሪዎች አዋጥተን ኩሬ አስቆፈርን። ዙሪያውን ድንጋይ ተደረደረ፣ ሣር ተተከለ፣ ቆሮሶ ዓሣ ከሩቅ በበርሜል መጣና ተለቀቀበት። ማታ ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዓሦቹ ከላይ ሲንሸራሸሩ ለማየት ሰው ይሰበሰባል። አንተ ብትኖር ከዚያ ድንጋይ ላይ የሚያስነሳህ አልነበረም።

የኩሬውና የሣሩ ጠባቂ ጋሽ ወርቅነህ ናቸው። የካዛንቺሱ ጎረቤታችን፣ በራቸው ላይ በቆርቆሮ ጣሳ አበባ የሚያሳድጉት። እኛ ስንነሣ እሳቸውም ተነሡ፤ ዕድል ሆነና እዚህ ልጃቸው ዘንድ መጥተው ተገናኘን። ኮሚቴው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሲሰጣቸው አንገታቸው ላይ በገመድ አንጠለጠሉት። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንዲያ ቀና ብለው ሲሄዱ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ለመናገር ያፈርኩበት ነገር ከዚህ ይጀምራል።

ካቻምና በሰኔ መግቢያ ኩሬው አረንጓዴ ሆነ። በአንድ ቀን አይደለም፤ መጀመሪያ ውኃው የደከመ ዓይን መሰለ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ እንደ ቅጠል ጭማቂ ወፈረ። ሰው ሁሉ ደስ አለው። «አማረበት» እያሉ ፎቶ ይነሡ ነበር። እኔም ከመስኮቴ ሳየው ልቤን ስፍስፍ አደረገው። በተጋባን ሰሞን የወሰድከኝን ሐይቅ አስታወሰኝ። ትዝ ይልሃል፣ ከማሳው በታች ያለው ዳርቻ እንደ ከፈይ አረንጓዴ ሆኖ እኔ «እንዴት ያምራል» ስልህ፣ አንተ ጫማህን አውልቀህ ገባህና በመዳፍህ ዘግነህ አሸተትከው። «ታሞ ነው» አልከኝ። ውኃ ይታመማል ብሎ የሚያስብ ሰው ማግባቴን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

የተዋወቅነውም በዚሁ ጉዳይ አይደል። የላቦራቶሪ ነጭ ጋዋንህን እናቴ ግቢ ልታሳጥብ መጣህ። እድፉ አይለቅም ስልህ እሱን ትተህ ከገንዳው የሚደፋውን አረፋ ታይ ጀመር። «ይኼ ወዴት ነው የሚሄደው?» አልከኝ። ወደ ወንዙ ነው አልኩህ። «ከዚያስ?» አልክ። እኔ ምን አውቃለሁ ብዬ ሳቅሁብህ። በሳምንቱ ምንም እድፍ የሌለበት ጋዋን ይዘህ መጣህ፤ እናቴ አገላብጣ አይታ «ይኼ ልጅ ልብስ ሊያሳጥብ አይደለም የሚመጣው» አለች።

ስንት ጊዜ ነገርከኝ፣ ከማልዬ። ውኃ እንደ ሰው ነው፣ ምግብ ሲበዛበት ይጨነቃል ትለኝ ነበር። ከማሳ የሚታጠብ ማዳበሪያ፣ ከሽንት ቤት የሚሾልክ ፍሳሽ፣ የከብት አዛባ፣ የኛ ሳሙና፣ ሁሉም ለውኃ ምግብ ነው። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ እያልክ ስም ትጠራለህ፤ እኔ አንሶላ እያጠፍኩ እሺ እሺ እላለሁ። ምግቡን የሚበላው ዓሣው አይደለም ትላለህ፤ በዓይን የማይታየው አልጌ ነው። ይበላል፣ ይራባል፣ ላዩን ይሸፍናል፣ ታች ያለው ብርሃን ያጣል። ቀን ቀን አየር ይሰጣል፣ ሲመሽ ግን እሱም ይተነፍሳል፤ ሲሞት ደግሞ ወደ ታች ይሰምጥና ሲበሰብስ የውኃውን አየር ይጨርሰዋል። «ለዚህ ነው ዓሦቹ ጎሕ ሲቀድ የሚሞቱት» አልከኝ፤ ያኔ ነው አየሩ ተሟጦ የሚያልቀው። ሰምቼሃለሁ። ያልሰማሁ ይመስለኝ ነበር፣ ግን ሰምቼሃለሁ።

አንድ ጠዋት ከሱብሒ ሶላት በኋላ መስኮቱን ከፈትኩ። ገና ድንግዝግዝ ነው። ኩሬው ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር አየሁ፣ መጀመሪያ የወደቀ ቅጠል መሰለኝ። ወረድኩ። ዓሦቹ ናቸው። ግማሾቹ በጎናቸው ተንሳፍፈዋል፤ በሕይወት ያሉት አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው አየር ይቃርማሉ። ድምፅ የለም፤ የብዙ ትንንሽ አፍ መከፈትና መዘጋት ብቻ። እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ምን እንደሆነ በዚያች ቅጽበት አውቄዋለሁ።

ሲነጋ ሰው ተሰበሰበ። ጋሽ ወርቅነህ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገብተው የሞቱትን በወንፊት ያወጣሉ። ያኔ አንዲት ሴት ትናንት አመሻሽ ላይ እሳቸው ከጀሪካን የሆነ ነገር ኩሬው ውስጥ ሲደፉ አየሁ አለች። ጀሪካኑን ማለቅለቃቸው ነበር፤ እሳቸውም ያንኑ ተናገሩ። ግን ወሬው ቁርስ ሳይደርስ ሦስቱን ሕንፃ ዞረ። በረኪና ነው አሉ፣ የአይጥ መርዝ ነው አሉ፣ ደመወዝ ጨምሩልኝ ብለው እምቢ ስላልናቸው ነው አሉ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ደረጀ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቢሮ የሚውል፣ ሁሉን ነገር ቶሎ መጨረስ የሚወድ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ነገሩ እስኪጣራ ቁልፉን ይስጡኝና ቤት ይረፉ» አላቸው። እሳቸውም ገመዱን ከአንገታቸው አውልቀው ሰጡት። ከዚያ ቀን በኋላ ከቤት አልወጡም፤ የማይቀሩበትን ቤተ ክርስቲያን እንኳ ቀሩ።

እኔስ? ዝም አልኩ።

ምክንያቱን አንተ ሳልነግርህ ታውቀዋለህ። የማሽኖቼ ፍሳሽ በግንቡ ሥር ባለ ቱቦ ወጥቶ ወደ ቦዩ ይገባል። ቦዩ ቁልቁል ወርዶ ከሣሩ ጋር ይታጠፋል። ከዚያ ኩሬ ነው። ክፍሏን ስከራይ ቱቦው ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቅሁም። እኔ፣ ያንተ ሚስት፣ አልጠየቅሁም። ብናገር ሱቄን ይዘጉብኛል ብዬ ፈራሁ። ከዚህ ሌላ መተዳደሪያ የለኝም፣ ሒክማ ገና ሥራ መጀመሯ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ የሰው አንሶላ እያጠብኩ፣ አረፋው ሲሄድ እየሰማሁ፣ ዝም አልኩ። ደረጃ ላይ የጋሽ ወርቅነህን ልጅ ሳገኛት ዓይኔን ሰበርኩ።

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ከተቆለሉት ፎጣዎች ላይ ጋደም እንዳልኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። አንተ ኩሬው ዳር ተቀምጠሃል። ሱሪህን እስከ ጉልበትህ ጠቅልለሃል፣ እግርህ ውኃ ውስጥ ነው፣ ውኃው እስከ ታች ድረስ ይታያል። አንዲት ጠርሙስ ይዘህ ደጋግመህ ታለቀልቃለህ። ስጠራህ አልተቆጣህም፣ ቀናም አላልክም፤ ሥራ ላይ ስትሆን እንደምትሆነው ብቻ ነበርክ። ወደ አንተ ስመጣ መንገዱ እየረዘመ፣ ሣሩ እየለሰለሰ ሄደ። ስነቃ ማሽኑ ጨርሶ ቆሟል፣ ፊቴ እርጥብ ነው።

ለሒክማ ነገርኳት። አልተገረመችም። «እማ፣ በቃ ንገሪያቸው» አለችኝ። «ማለቴ፣ ቱቦው የኛ ነው አይደል? አባ ቢሆን እኮ በመጀመሪያው ቀን ነበር የሚናገረው።» ቢዘጉብንስ አልኳት። «ይዝጉታ። ሌላ እንከፍታለን።» ፊቷን ሳየው ያንተው ግንባር ነው፣ ሲያስብ የሚቋጠረው።

እሑድ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ተናገርኩ። መርዝ እንዳልሆነ፣ ከመጠን ያለፈ ምግብ እንደሆነ፣ የዝናቡ መጀመሪያ ከሣሩ ላይ ማዳበሪያ አጥቦ እንዳወረደ፣ የኔም ሳሙና እንደታከለበት። ድምፄ ተቆራረጠ፤ አንተ በአምስት ደቂቃ የምታስረዳውን እኔ ግማሽ ሰዓት ፈጀሁበት። ደረጀ በትዕግሥት ሰማኝ። «እትዬ ሰዓዳ፣ ሳሙና እኮ የሚያጸዳ ነገር ነው። ማዳበሪያም የሚያለማ ነገር ነው። ሁለት ጥሩ ነገር ተደምሮ እንዴት ይገድላል?» አለኝ። ሰው ሳቀ። ለጋሽ ወርቅነህ ስል የማስተባብል መስሏቸዋል። አሥር ቀን ስጡኝ አልኩ።

ካዛንቺስ መስኮታችን ላይ ለሒክማ አልጌ እንዲያድግባቸው የደረደርክላትን የብርጭቆ ማሰሮዎች አስታወስኩ፤ ሸተቱ ብዬ የደፋሁብህን። ያን ቀን አኩርፈህ እራት አልበላህም ነበር። ያንኑ ነው የሠራሁት። አራት የማር ብርጭቆ ማሰሮ አጥቤ በንጹሕ ውኃ ሞላሁ፣ በያንዳንዱ አንድ ጭልፋ የኩሬ ውኃ ጨመርኩ። የመጀመሪያውን እንዲሁ ተውኩት። ሁለተኛው ላይ ጋሽ ወርቅነህ ሣሩ ላይ ከበተኑት ዩሪያ ማዳበሪያ አንድ ቁንጥር። ሦስተኛው ላይ ከማሽኔ የወጣ ውኃ። አራተኛው ላይ ሁለቱንም። መግቢያው ላይ፣ የጥበቃው ጠረጴዛ አጠገብ፣ ፀሐይ በሚያገኛቸው ቦታ ደረደርኳቸው። የሚወጣ የሚገባው ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር። በአምስተኛው ቀን ሁለተኛውና ሦስተኛው ለዓይን መለወጥ ጀመሩ። በዘጠነኛው ቀን የመጀመሪያው ጥቂት ብቻ ደፍርሶ ነበር፤ አራተኛው ግን ከኩሬው ብሶ እንደ ጎመን ወጥ ወፍሯል።

በአሥረኛው ቀን ጋሽ ወርቅነህን ሄጄ ከቤታቸው አወጣኋቸው። ልብሳቸው ተተኩሶ ነበር፣ ጢማቸው ግን አድጓል። ጠረጴዛው ፊት አቁሜ በየማሰሮው ምን እንደጨመርኩ ነገርኳቸው።

«ይኼ የኔ ነው?» አሉ ሁለተኛውን እያሳዩ።

አዎ አልኳቸው። ሦስተኛው የኔ ነው አልኩ።

«አራተኛውስ?»

«የሁለታችን» አልኳቸው።

እንባቸው መጣ። «እኔ እኮ ሣሩ የራበው መስሎኝ ነው፣ ሰዓዳ። ቶሎ እንዲደርስ ብዬ ሁለት እጥፍ አድርጌ ዘራሁበት» አሉ። መርዘዋል ሲባሉ ያላለቀሱ ሰው፣ አብዝተዋል ሲባሉ አለቀሱ። እጃቸውን ያዝኩ። እኔም አብዝቼ ነበርና።

ደረጀ ያን ቀን አመሻሽ ላይ ማሰሮዎቹን አንድ በአንድ እያነሣ በብርሃን አያቸው። በማግስቱ ቁልፉን ይዞ ወደ ጋሽ ወርቅነህ ቤት ራሱ ወጣ፤ ይቅርታ ሲል ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊይዝ ነበር አሉ፣ እሳቸው ግን ወንበር ስበው አስቀመጡት። ያወራችው ሴትም ሁለት ቀን ቆይታ ሙዝ ይዛ ሄደች።

ሱቄ ተዘጋ፣ ከማልዬ። ማንም ሳይለኝ እኔው ዘጋሁት። ቱቦው ከዋናው የፍሳሽ መስመር ጋር እስኪገናኝ አንድ ወር ፈጀ፤ ሁለት ፔንሲዮኖች ሌላ አጣቢ ያዙ። ቧንቧ ሠራተኛው ሲቆፍር ደግሞ ያላሰብነው ነገር ተገኘ፦ የሁለተኛው ሕንፃ የሽንት ቤት ጉድጓድ ተሰንጥቆ በቦዩ በኩል ቀስ እያለ ይሾልካል። ያም ተጠገነ። ደግነቱ ከዚያ ወዲያ ጥፋተኛ የሚፈልግ አልነበረም፤ ሁሉም የየራሱን ቱቦ ያይ ጀመር። ዱቄት ሳሙናዬን አሁን በስኒ እየለካሁ ነው የምጨምረው፣ ፎስፈረስ የሌለበትን መርጬ። አንሶላው እንደ ድሮው ይነጻል። ያን ሁሉ ዓመት በከንቱ ነበር የማፈስሰው።

ጋሽ ወርቅነህ በሣሩና በኩሬው መሀል ቄጠማና ሸምበቆ ተከሉ። ከላይ የሚወርደው ውኃ መጀመሪያ እዚያ ይጣራል፣ ሥሮቹ ምግቡን ይዘው ያስቀሩታል። ማዳበሪያውን ተዉት፤ በምትኩ ከኩሬው ላይ በወንፊት የሚጠልሉትን አረንጓዴ ከደረቅ ቅጠል ጋር አብላልተው ለአበባዎቹ ይሰጣሉ። ደረጀ ውኃ የምትረጭ ትንሽ ፓምፕ አመጣ፣ ጎሕ ሲል ትነሣና ለኩሬው አየር ትሰጠዋለች። የሷን ድምፅ እየሰማሁ ነው አሁን ውዱእ የማደርገው።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሽህም። አምና ሰኔ ላይ ውኃው እንደገና አረንጓዴ ሲሆን ብዙ ሰው ተስፋ ቆረጠ። እኔም ተጨነቅሁ። ኋላ ግን ማስታወሻ ደብተርህን አውጥቼ አነበብኩ። ጭቃው የበላውን ይዞ ይቆያል ብለሃል፣ ዓመታት እየቆጠበ መልሶ ይሰጣል፤ አዲስ ካልተጨመረበት ግን እያለቀበት ይሄዳል። ያንን ገጽ ለኮሚቴው አነበብኩላቸው። ደረቁ ሲመጣ ጭቃውን በአካፋ ጠረግን፤ ሒክማ ቦቲ ጫማህን አድርጋ እስከ ጉልበቷ ገባች። ዘንድሮ አረንጓዴው ከአምናው ቀለል ብሎ፣ ቶሎም ለቀቀ። የተረፉት ዓሦች አሁን ወልደዋል። ጫጩቶቹ በቄጠማው ሥር ተደብቀው ጥላ ብቻ ሆነው ይታያሉ።

ወንዙ ግን ያው ነው። ከኛ በላይም ከኛ በታችም ስንት ቱቦ አለ። አንተ እንዳልከው ከዚህ ይወርዳል፣ አቃቂን ይዞ አዋሽ ይገባል፣ ከዚያ የማላውቀው ሰው ጀልባ ሥር ይደርሳል። ድሮ ይህን ስትለኝ ሩቅ አገር ይመስለኝ ነበር። አሁን አረፋ ባየሁ ቁጥር ያ ሰው ይታየኛል፤ ጠዋት ተነሥቶ መረቡን ሲዘረጋ።

ባለፈው እሑድ ከወሎ ሰፈር አንዲት ሴት መጣች። እነሱም ግቢያቸው ኩሬ አላቸው፣ እሱም አረንጓዴ ሆኖባቸዋል፤ አትክልተኛቸውን ሊያባርሩት ነው። ወንበር ሰጠኋትና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። በዚህኛው ጊዜ ድምፄ አልተቆራረጠም። ስጨርስ «የት ነው የተማርሽው?» አለችኝ። ቤቴ ነው አልኳት፣ ባለቤቴ ነው ያስተማረኝ። ስሙ ማነው አለችኝ። ከማል አልኩ። ስልኳን አውጥታ ከምነግራት ነገር በላይ ስምህን ጻፈች፣ የምትረሳው መስሏት። እኔ እንዳልረሳው መጻፍ አያስፈልገኝም። ውኃ በምከፍትበትና በምዘጋበት ሁሉ አብረኸኝ ነህ፣ እስክመጣ ድረስም እንዲሁ ትሆናለህ። አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ።

ያንተው፣
ሰዓዳ